ሙቀት የገባበት ቤት፦ ትኋንን በሙቀት የማጥፋት ሥራና የሕግ ኃላፊነቱ

ትኋንን በሙቀት ማጥፋት ማለት ተባዩ የተደበቀበትን ክፍል ወይም ዕቃ፣ ትኋኑም ዕንቁላሉም ሊቋቋሙት ከሚችሉት በላይ አግሎ፣ ግለቱ እስከ ግድግዳው ስንጥቅና እስከ ፍራሹ ሆድ ድረስ እስኪዘልቅ ማቆየት ማለት ነው። በቤተ ሙከራ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ የደረሰ ትኋን በ45 ዲግሪ ሴልሺየስ ለመሞት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲፈጅበት፣ ዕንቁላሉ ግን በዚያው ሙቀት እስከ 7 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ በ48 ዲግሪ የደረሰው ትኋን በ20 ደቂቃ ውስጥ ሲሞት ዕንቁላሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ ሲያልፍ ሁለቱም በፍጥነት ያልቃሉ። በዚህ ምክንያት ሥራውን በሙያ የሚሠሩ ድርጅቶች የክፍሉን አየር ከ56 እስከ 60 ዲግሪ አድርሰው ለብዙ ሰዓታት ያቆዩታል፤ አየሩን በማራገቢያ እያዘዋወሩም በየጥጉ ባስቀመጡት የሙቀት መለኪያ ይከታተሉታል። በክፍሉ መካከል ባለው አየርና በስንጥቁ ውስጥ ባለው ሙቀት መካከል የሚኖረው ልዩነት ተራ የቴክኒክ ጉዳይ ቢመስልም፣ በዚህ ሥራ ዙሪያ ሊነሣ የሚችለው የሕግ ክርክር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ልዩነት ነው፤ ሠሪው አየሩን በቂ ሳያግለው ከቀረ የገባውን ቃል ያጥፋል፣ ስንጥቁ ላይ እደርሳለሁ ብሎ ከመጠን በላይ ካጋለው ደግሞ ቤቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

የይፋት ቆላ ይህን ጉዳይ በቅርብ ለማየት ምቹ ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ፣ በ225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለችው ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከተማዋ የቀወት ወረዳ ማእከል ስትሆን፣ የከባድ መኪና ሾፌሮችና መንገደኞች የሚያድሩባት፣ ለማሾና ለሽንኩርት ልማት የሚመጡ የቀን ሠራተኞችም በአንድ ክፍል ብዙ ሆነው የሚከራዩባት ስፍራ ናት። ትኋን በራሱ ክንፍ የማይበር ተባይ በመሆኑ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በሻንጣ፣ በብርድ ልብስና በፍራሽ ተጭኖ ነው፤ ስለዚህ አልጋ በየሌሊቱ ሰው የሚቀያየርበት ከተማ ለዚህ ተባይ የተዘረጋ መንገድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትኋን በተለመደው የሰው ኑሮ በሽታ ሲያስተላልፍ የተረጋገጠበት ማስረጃ የለም፤ ነገር ግን እንቅልፍ ይነሣል፣ ቆዳን ያሳክካል፣ የሰውንም ክብር ይነካል፤ አልጋ የሚያከራይ ቤት ስሙን በአንድ ሌሊት ሊያጣ የሚችለውም በዚሁ ነው።

የቆላው ሙቀት ትኋንን ያጠፋል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። በበጋ የሸዋ ሮቢት የቀን ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ቢወጣም፣ ተባዩን ለመግደል ከሚያስፈልገው ከ10 ዲግሪ በላይ ይጎድለዋል፤ እንዲያውም በዚህ መካከለኛ ሙቀት ትኋን ፈጥኖ ያድጋል፣ ፈጥኖም ይራባል። ፍራሽ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለዘመናት የኖረ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ያገኘው የፍራሹ ገጽ ሲግል ትኋኑ ወደ ጥላው ወገን ይሸሻል፣ የስፖንጁ ውስጥም ከውጪው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። በአልጋ እግርና በጠፍር ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ የነካውን ሁሉ ይገድላል፣ ያልነካውን ግን አይደርስበትም። ከዚህ አልፎ ነጭ ጋዝ በእንጨቱ ላይ መቀባት፣ ክፍልን ዘግቶ ብዙ ከሰል ማንደድ ወይም በእሳት መለብለብ የሚታዩ አደገኛ አማራጮች ናቸው፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ሰውን በእንቅልፉ የሚገድል ጋዝ ነው። ስለዚህ ሙቀትን እንደ አገልግሎት የሚያቀርብ ሰው ፈጽሞ አዲስ ነገር ይዞ አይመጣም፤ በየቤቱ ሲደረግ የኖረውን ወደ ሙያ ያሻግረዋል እንጂ። በሕግ ዓይን ደግሞ ይህ ሽግግር ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው፤ በራሱ አልጋ ላይ የፈላ ውሃ የሚያፈስ ሰው የሚጎዳው በአብዛኛው ራሱን ሲሆን፣ በክፍያ የሌላውን ሰው ቤት የሚያግል ግን ለደንበኛው፣ ለጎረቤቱና ለሠራተኛው ተጠያቂ ይሆናል።

መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ይህን ሥራ የሚገዛ ልዩ ሕግ አለ ወይ የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የፀረ ተባይ ነገር የሚመራው በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ሲሆን፣ አዋጁ የሚቆጣጠረው ተባይን ለመግደል ወይም ለመከላከል የሚውልን ንጥረ ነገር ነው፤ ማለትም የሚመረተውን፣ ከውጭ የሚገባውን፣ የሚመዘገበውን፣ የአጠቃቀም መመሪያ የሚለጠፍበትን ኬሚካል ነው። ሙቀት ግን ንጥረ ነገር አይደለም፤ በጠርሙስ አይታሸግም፣ በምዝገባ ቁጥር አይታወቅም፣ የመርዛማነት ደረጃውን የሚናገር ጽሑፍም አይለጠፍበትም። የይፋት ነዋሪ ለወባ መከላከያ የሚረጨውን መድኃኒት ለረጅም ዘመን ያውቀዋል፤ ዲዲቲ በዚህ ቆላ ቤቶች ውስጥ ለዓመታት ሲረጭ ቆይቶ የወባ ትንኝ ስለተላመደው በሌሎች ኬሚካሎች ተተክቷል፤ ትኋንም ዲዲቲን ከተላመዱ ተባዮች አንዱ ነው። የሚረጨው ኬሚካል ሁልጊዜ ከኋላው የሚጠይቅ መሥሪያ ቤትና የሚነበብ መመሪያ ነበረው። ሙቀት ይህ ሁሉ የለውም፤ ከዚህ የሚከተለው ውጤት ግን ብዙ ሰው እንደሚገምተው ነጻነት ሳይሆን ተቃራኒው ነው። ኬሚካል የሚረጭ ሰው ቢያንስ «መመሪያው ያዘዘኝን አደረግሁ» ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ሙቀት የሚያቀርብ ሰው የሚጠለልበት መመሪያ ስለሌለው፣ ልዩ ሕግ በሌለበት ሁሉ እንደሚሆነው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሙሉ ክብደት በቀጥታ ያርፍበታል። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 የሚጠይቀው የንግድ ፈቃድም ቢሆን የመሥራት መብት ይሰጣል እንጂ ሥራው ያስከተለውን ጉዳት አያነጻም።

በደንበኛውና በሠሪው መካከል ያለው ግንኙነት በቅድሚያ የውል ግንኙነት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2610 አንዱ ወገን በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ፣ ሌላው ወገን ደግሞ ዋጋውን ሊከፍል የሚገባባቸውን ውሎች ይደነግጋል፤ በዚህ ትርጉም ውስጥ ክብደት ያላቸው ቃላት «የተወሰነ ውጤት» የሚሉት ናቸው። በሕግ ትምህርት የተቻለን ያህል የመትጋት ግዴታና ውጤት የማስገኘት ግዴታ ይለያያሉ፤ ሐኪም በሽተኛውን ለማዳን የሚገባውን ሁሉ ለማድረግ ይገደዳል እንጂ እንዲያድነው አይገደድም፣ በር የሚሠራ አናጢ ግን የሚከፈትና የሚዘጋ በር ማስረከብ አለበት። ትኋን አጥፊው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል የሚወሰነው በአብዛኛው እርሱ ራሱ በተናገረውና በጻፈው ቃል ነው። «ትኋኑን ሙሉ በሙሉ እናጠፋለን» ብሎ የተስማማ ሰው ውጤቱን ቃል ገብቷል፤ ትኋኑ ሲመለስ ደግሞ በአንቀጽ 1791 መሠረት ጥፋት የለብኝም ማለት አያድነውም፣ ነጻ የሚያወጣው ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ብቻ ነው። አንቀጽ 1792 ደግሞ ይህን ኃይል በጠባቡ ይተረጉመዋል፦ ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውንም ፈጽሞ እንዳይፈጽም የሚከለክለው ነገር መሆን አለበት። የጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ፣ የጎረቤት ቤት ትኋን፣ ወይም በማግስቱ የሚገባ እንግዳ ሻንጣ በሸዋ ሮቢት ሊታሰብ የማይችል ነገር ነው ብሎ ዳኛን ማሳመን የሚቻል አይመስልም።

የግድግዳው ነገር በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ፣ እንዲሁም በይፋት ተራሮች ያሉ የአርጎባ መንደሮች የታወቁበት የድንጋይ ቤት፣ ሙቀትን ቀስ ብሎ የሚጠጣ አካል ነው፤ አየሩ 58 ዲግሪ ሲደርስ የግድግዳው ውስጥ ገና ከ40 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል፣ ሙቀቱ ያስደነገጠው ትኋንም ወደዚያው ጠልቆ ይገባል። በውጭ አገር በስስ ሰሌዳ ግድግዳ ለተሠሩ ክፍሎች የተሰላ የሰዓት መጠን በዚህ ቤት ላይ በቀጥታ ሊሠራ አይችልም። ይህን እያወቀ፣ ወይም በሙያው ሊያውቀው ሲገባ፣ በአምስት ሰዓት ሥራ ፍጹም ውጤት ቃል የሚገባ ሰው በውሉ ከመጠየቁ ሌላ፣ ደንበኛን የሚያሳስት ማስታወቂያን የሚከለክለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይመለከተዋል። ፍትሐዊ የሆነው አካሄድ የትኛው ክፍል፣ የትኛው ዕቃ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚግል በጽሑፍ መወሰን፣ ውጤቱም የሚለካበትን ቀን መለየት ነው፤ የትኋን ዕንቁላል ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል፣ በማግስቱ የሚደረግ ፍተሻ ምንም አያረጋግጥም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚደረገው ግን ይናገራል።

ከውሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ከውል ውጭ ያለው ኃላፊነት ነው፤ ይህም ማለት ከሠሪው ጋር ምንም ስምምነት ለሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤት ወይም በሚቀጥለው ክፍል ለተኛ እንግዳ፣ ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ካሳ ነው። በሸዋ ሮቢት እንደ ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች በርካታ ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል፤ ኮርኒሳቸው በብዙ ቤት ተሰፍቶ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ ፍራሹ ስፖንጅ ነው። ማዳበሪያ ከረጢት ፕላስቲክ ነው፣ ስፖንጅም ሲቃጠል ሳይናይድ ያለበት መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ የኮርኒሱ ባዶ ቦታ ደግሞ ከክፍል ክፍል ስለማይዘጋ እሳትን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል። የኤሌክትሪኩም ሁኔታ ከዚህ የተሻለ አይደለም፦ 15 አምፔር የሚሸከም መስመር በ220 ቮልት ከ3.3 ኪሎዋት በላይ አይችልም፣ አንድን ክፍል ለሰዓታት በ58 ዲግሪ ለማቆየት ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ኃይል ሊጠይቅ ይችላል፤ ያረጀ ሽቦ ግድግዳ ውስጥ መጋሉን ደግሞ በክፍሉ ያለው የሙቀት መለኪያ አያሳይም። በቡታጋዝ ሲሊንደር የሚሠራ ማሞቂያ ይህን ችግር ቢያስቀርም የነበልባልንና የፍንዳታን አደጋ ያስገባል። ትኋንን ማባረር ቤትን እስከማቃጠል ሊያደርስ እንደሚችል ዓለም አይቶታል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ ነዋሪዎች ትኋን ለመግደል የረጩት አልኮል እሳት አስነሥቶ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በ2013 ዓ.ም. በግጭት የአጣዬ ቤቶች በእሳት ሲወድሙ ያየ የይፋት ሰው፣ ቤት ማለት ሀብቱ ሁሉ የተከማቸበት፣ በአብዛኛውም ኢንሹራንስ የሌለው ንብረት መሆኑን አስረጂ አይፈልግም።

በዚህ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለት ደረጃ ያለው ጥበቃ ያደርጋል። የመጀመሪያው በጥፋት ላይ የተመሠረተ ነው፦ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ እንዲክስ ያዛል፣ አንቀጽ 2031 ደግሞ አንድን ሙያ የሚሠራ ሰው የሙያውን ደንብ መጠበቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ማሞቂያው ጠፍቶ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ጥሎ መሄድ፣ ላይተርና የሚረጭ ቆርቆሮ ከክፍሉ አለማውጣት፣ ኮርኒሱን ሳያዩ ማሞቂያ ማስነሣት በዚህ ሚዛን ጥፋት ናቸው። ሁለተኛው ደረጃ ከዚህ ይጠነክራል፤ ጥፋት ሳያስፈልግ ኃላፊ ያደርጋልና። አንቀጽ 2067 በድርጊቱ በሌላው አካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንዲክስ ያዛል፤ አንቀጽ 2069 ደግሞ የሚፈነዱ ወይም መርዛማ ነገሮችን በመጠቀም ወይም በማከማቸት፣ ወይም የተለየ አደጋ ያለበትን የኢንዱስትሪ ሥራ በመሥራት ሌላውን ባልተለመደ አደጋ ላይ የጣለን ሰው አደጋው ሲደርስ ተጠያቂ ያደርጋል። መርዝ የሚረጭ ሰው በዚህ አንቀጽ ውስጥ በግልጽ ይወድቃል። በሲሊንደር ጋዝ ሰው የሚኖርበትን ሰፈር የሚያሞቅ ሰውስ? አንቀጹ ሙቀትን በስም አይጠራም፤ ነገር ግን የታመቀ ጋዝ ሊፈነዳ የሚችል ነገር መሆኑ፣ በተደራረቡ ክፍሎች መካከል የተከፈተ ነበልባልም ያልተለመደ አደጋ መሆኑ ስለማይካድ፣ ወደዚህ አንቀጽ የሚወስደው ክርክር ጠንካራ ነው። ጥፋት በማይጠየቅበት በዚህ ክፍል የወደቀ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 2086 መሠረት የአደጋው መንስኤ አይታወቅም ወይም ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ነው ብሎ ሊከላከል አይችልም፤ የሚቀንስለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው።

ሆቴሉ ወይም አልጋ አከራዩስ? ሠሪው የእርሱ ተቀጣሪ ከሆነ፣ በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት አሠሪው በአንቀጽ 2130 ይጠየቃል፤ ሠሪው ነጻ ባለሙያ ከሆነና ከአሠሪው ትእዛዝ ውጭ በራሱ የሚሠራ ከሆነ ግን አንቀጽ 2134 አሠሪውን ነጻ ያደርገዋል። በተግባር መስመሩ ይህን ያህል ጥርት ብሎ አይገኝም፤ ባለሆቴሉ እንግዶቹን ከሚቀጥለው ክፍል ሳያስወጣ ሥራው እንዲጀመር ካደረገ በራሱ ጥፋት ይጠየቃል፣ ብዙ ሰዎች ለአንድ ጉዳት ተጠያቂ ሲሆኑም አንቀጽ 2155 በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ያደርጋቸዋል፤ ተጎጂው ሙሉ ካሳውን መክፈል ከሚችለው ይጠይቃል ማለት ነው። ትኋን እንዳለ እያወቁ ዝም ማለትም መፍትሔ አይደለም። በቺካጎ አንድ ሆቴል ተባይ አጥፊ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ክፍሎቹን በሙሉ በ500 ዶላር ሊረጭለት ያቀረበውን ሐሳብ ሳይቀበል ቀርቶ ክፍሎቹን ማከራየቱን ቀጠለ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የተነከሱት ሁለት እንግዶች እያንዳንዳቸው ለጉዳታቸው 5,000 ዶላር፣ ለሆቴሉ መቅጫ ደግሞ 186,000 ዶላር እንዲያገኙ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለ መቅጫ ካሳ አያውቅም፤ አንቀጽ 2091 ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል እንዲሆን ያዛል፣ አንቀጽ 2116 ደግሞ የሕሊና ጉዳት ካሳን በ1,000 ብር ይገድባል። ይህ ጣሪያ በ1952 ዓ.ም. ሲወሰን ቁም ነገር የነበረው ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በሕዝብ ማደሪያ ቤት ለደረሰ ሥቃይ የሚገባ ምላሽ ነው ለማለት አይቻልም፣ ሊሻሻልም ይገባል። የንብረትና የአካል ጉዳት ካሳ ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የለበትም፤ የተቃጠለ ባለ አሥር ክፍል ቤት ሙሉ ዋጋው ይከፈላል።

ብዙዎች መከላከያ አድርገው የሚያስቡት «ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የሚለውን አንቀጽ በውሉ ላይ መጻፍ ነው። አንቀጽ 1887 ተዋዋዮች ጥፋት ካላደረጉ በቀር ኃላፊ እንዳይሆኑ እንዲስማሙ ይፈቅዳል፤ ከዚህ እንደሚታየው ጥፋትን ራሱን የሚሽር ስምምነት አይደለም። በዚያም ላይ ውል የሚያስረው ፈራሚዎቹን ነው፤ ያልፈረመው ጎረቤት በዚህ ጽሑፍ ምንም መብት አያጣም።

ሊረሳ የማይገባው ማሞቂያውን የሚያዞረው ሠራተኛ ነው፤ በ55 ዲግሪ ክፍል ገብቶ ፍራሽ የሚገለብጥ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ በሙቀት ሊመታ ይችላል፣ ራስ ማዞርና መንገዳገድ የታየበት ሰው ወዲያው መውጣት አለበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንዲጠየቅ ያደርጋል፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ ወጣትንም በአደገኛ ሥራ ላይ ማሠማራት ይከለክላል። ሰው ከሞተ ጉዳዩ ከካሳ አልፎ ወደ ወንጀል ይሻገራል፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያጠፋን ሰው ይቀጣል፤ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራትና መቀጮ ነው። በቸልተኝነት የሚደርሰው የአካል ጉዳት ደግሞ በአንቀጽ 559 ይታያል።

ክርክር በተነሣ ጊዜ የሚፈርደው ማስረጃ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ዱካ የማይተው ነገር ነው። ኬሚካል በግድግዳ ላይ ቅሪቱ ይመረመራል፤ ክፍሉ ትናንት 50 ወይም 70 ዲግሪ እንደነበረ ግን ዛሬ የሚናገር የለም። ስለዚህ በየክፍሉ ጥግ፣ በኮርኒሱ ሥርና በፍራሹ ውስጥ የተቀመጠው መለኪያ በየሩብ ሰዓቱ ያሳየው ቁጥር፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የነበረው የሽቦ፣ የኮርኒስና የዕቃ ሁኔታ፣ ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ፣ ጎረቤቶች መቼ እንደተነገራቸው የሚያሳይ የተፈረመ መዝገብ ለሁለቱም ወገን ብቸኛው ምስክር ይሆናል። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚቀርብ ሲሆን፣ የውል ክስ ግን በአንቀጽ 1845 እስከ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ መዝገቡም መቀመጥ ያለበት እስከዚያው ድረስ ነው።